ወንዛዬ በመነጽር

እናቴን ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰድሽ እያልሁ ሁለት ዓመት ለምኛታለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ማረም ጉልበቷን ጨርሶታል። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን እስክትደርስ ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ አሁን አሁን ከአጥሩ በር መመለስ ጀመረች። አንድ ቀን ከመደቡ ሳትነሳ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን "በስተርጅናዬ ሰው ፊት ልራቆት?" ትላለች። ወሬው በዚሁ ያልቃል።

ባሕር ዳር ሰርግ የሚቀርጽ ጓደኛ አለኝ። ዙሪያውን ሁሉ የሚያነሳ ካሜራና የተቀረጸውን እዚያው ቦታ እንዳሉ አድርጎ የሚያሳይ፣ ዓይን ላይ የሚታሰር ትልቅ መነጽር ገዝቶ፣ ደንበኛ አጥቶ አስቀምጦታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ተዋስሁት። ወንዛዬ ወርጄ ሴቶቹ የሚታጠቡበት ጥግ አስፈቅጄ ቀረጽሁ። ሁሉም ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ነው የሚታጠቡት። ይህን ካየች እፍረቱ ይለቃታል አልሁ።

ወረታ ቤታችን ተመልሼ መነጽሩን አሰርሁላት። ፊቷን ዞር ስታደርግ፣ ከማዶ ሸሚዙን የሚያወልቅ ሽማግሌ አየች። "በስመ አብ!" ብላ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች፤ ከመነጽሩ በላይ። ሽማግሌው ወዴት ይሂድ?

"ምነው ይኼ ሰውዬ አያፍርም? አሁንም አለ እኮ!"

"እማዬ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!"

በማግስቱ ጠዋት እህል ሳትቀምስ "አምጪው" አለችኝ። ፍል ውሃ የሚገባው ሰባት ቀን ነውና ለካ ቆጠራ ጀምራለች። እግሯን ለብ ያለ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ መነጽሩን አጥልቃ፣ ጸሎቷን እያነበነበች ትቀመጣለች። የጎረቤት ሴቶች በር ላይ ቆመው ሳቃቸውን ያፍናሉ፤ አንዷማ "እኔንም ወገቤን" ብላ ተራ ያዘች። እኔ በሽቄ ልሞት ነው። ከቤት ያወጣታል ያልሁት ነገር ጭራሽ ቤት አስቀመጣት።

በሰባተኛው ቀን መነጽሩን አወለቀችና "ነገ መኪና ፈልጊ፣ ወንዛዬ እንሄዳለን" አለች።

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። "እፍረቱ ለቀቀሽ?"

"ምን ይለቀኛል! ያች ጥግ ላይ ብቻዋን የተቀመጠችው አሮጊት ናት እንጂ። ሰባት ቀን አየኋት። ጀርባዋን ልትታጠብ እጇን ትልካለች፣ አይደርስላትም። አንድ የሚያሻት ሰው ትጣ?"

"እማዬ፣ የተቀረጸ እኮ ነው። ሴትዮዋ ያን ቀኑን ታጥባ ሄዳለች።"

"የተቀረጸ መሆኑን አጣሁት? እንደሷ ያለች ነገም አትጠፋም፤ እኔ ደግሞ ጉልበቴን እንጂ እጄን አላመመኝም።" ነጠላዋን አጣፋችና ቀና ብላ አየችኝ። "አንች ግን፣ እዚያው አጠገቧ ቆመሽ አልነበረም?"

ሁለቱም እጆቼ ካሜራ ይዘው ነበር ልላት ብዬ ተውሁት።