አምስት ክንድ የቀረው ካብ

መሪጌታ ይትባረክ ማረፋቸውን የሰማሁት ከንፋስ መውጫ ዓይኔን ታክሜ በሚኒባስ ወደ ወገዳ ስመለስ ነው። «እትዬ፣ የኔታ እኮ ዛሬ ጧት አረፉ፤ አልሰሙም እንዴ?» አለኝ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

እርሳቸውን የምታውቁ ሁሉ እንድታነቡት ይህን ጻፍሁ። የማያውቋቸውም ቢያነቡት አይከፋኝም።

መሪጌታ የስማዳ ተወላጅ ናቸው። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው አስመስክረዋል። ትልልቅ አድባራት ሲፈልጓቸው ወደ አገራቸው ተመልሰው በአንዲት ደሴት ላይ ባለ መቃብር ዕድሜያቸውን ጨረሱ። ደሴቲቱ ከወገዳ በታች፣ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ እንደገና ከሚገጥምበት ቦታ ላይ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ከፈረሰች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ ታቦቱም ወደ ገደሉ አናት ወጥቷል። መቃብሮቹ ግን እዚያው ናቸው፤ ሰውም እስከ ዛሬ እዚያው ይቀበራል። ክረምት ሲሆን ወንዙ ከሰው ይለያታል። ጥቅምት ላይ ውኃው ሲጎድል የመቃብሩ ድንጋይ ተበትኖ፣ የምሥራቁ ካብ ተንዶ ይገኛል።

መሪጌታ ያንን ድንጋይ በየዓመቱ ይመልሱ ነበር። መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ። ኋላ የወገዳ በጎ ፈቃደኞች ተሰባሰቡና ማጭድና መቆፈሪያ ይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ ይወርዱ ጀመር። የትኛው ድንጋይ የማን ራስጌ እንደሆነ የሚያውቁት ግን እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አንዲት ዓይነ ስውር ባልቴት የባሏን መቃብር ፍለጋ ስትመጣ፣ እጇን ይዘው በድንጋዮቹ መካከል ቀስ ብለው መርተው መዳፏን ድንጋዩ ላይ ሲያሳርፉላት አይቻለሁ። «ይኸው አለ፤ አጫውቺው» አሏትና ዘወር ብለው አረም መንቀል ቀጠሉ።

የሚቆጡት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። ከካቡ ውጭ፣ በምሥራቅ በኩል ሬት በቅሏል። ወጣቶቹ አረም መስሏቸው ሲነቅሉት «እርሱን ተዉት» ብለው መልሰው ይተክሉታል።

የበጎ ፈቃደኞቹ ሰብሳቢ ደምሌ ያስተማርሁት ልጅ ነው። ጥያቄው ሳያልቅ መልስ መስጠት ያኔም ልማዱ ነበር። ካቡ በምሥራቅ በኩል ወደ ውጭ ማበጡን አይቶ «የኔታ፣ ይህ ካብ ሰክሯል እንዴ?» ሲል ሁሉም ሳቁ።

«ድንጋይ አይሰክርም። ጠላውን የምትጠጡት እናንተ ናችሁ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል እየተባለ ይወራ ነበር። ዓይናቸው አልደከመም።

ስለ ሞተ ሰው መልካሙን ብቻ መጻፍ ወግ ነው። እኔ ግን በእርሳቸው ላይ ቂም ይዤ ነው ያረጀሁት፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ከእስቴ ተድሬ ወደ ስማዳ የመጣሁ ነኝ። በሁለተኛው ክረምት ሴት ልጅ ወለድሁ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ለሞት የምታሰጋ ከሆነች ግን ቄስ ተጠርቶ ከቀኗ በፊት ያጠምቃታል። የእኔ ልጅ ስድስት ቀን ሲቀራት ታመመች። ቄሱ ከወንዙ ማዶ ነበሩ፤ ወንዙም ሞልቶ ነበር። ይትባረክ ያኔ ወጣት ዲያቆን፣ በአካባቢው የታወቁ ዋናተኛ ነበሩ። ልጄን ታቅፌ ደጃቸው ሄድሁና ተሻግረው ቄሱን እንዲያመጡልኝ ለመንኋቸው። ወንዙን አዩ፤ ልጅቱን አዩ።

«ጉንፋን ነው። ስድስት ቀን ምን አላት፤ ውኃው ይጉደልና በወጉ ትጠመቃለች» አሉኝ።

ውኃው ጎድሎ አደረ። ልጄ ግን አላደረችም።

ባሌ በነጠላ ጠቅልሎ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ደሴቲቱ ወሰዳት። ከካቡ በር ላይ የቆመው ያው ዲያቆን ነበር። መሬት መሬት እያየ «ያልተጠመቀ ከቅጥር አይገባም፤ ሥርዓት ነው» አለን። ውጭ ቀበርናት። አማቶቼ እስቴ ድረስ የሚሰማ ነገር ተናገሩኝ፤ ከጎረቤት አንድ ሰው ለልቅሶ አልመጣም። ለሕፃን ምን ልቅሶ አለ ተባለ። በመቃብሯ ላይ ሬቱን የተከልሁት እኔ ነኝ። ያኔ አንተ ነበር የምላቸው፤ «ስሟን በአፍህ እንዳታነሣው። ለማንም። እስክትሞት» አልሁት።

አላነሡትም።

ከማስተማር ጡረታ ስወጣ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ወረድሁ። ለጽድቅ አልነበረም፤ ሬቱ ጋ ለመቆም ምክንያት ፈልጌ ነው። አንድ ቅዳሜ ሌሎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሎ ሲበሉ፣ መሪጌታ ከተናደው ካብ አጠገብ ተንበርክከው አየኋቸው። ክርናቸውን ከመሠረቱ ላይ አሳርፈው ክንዳቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ከጣታቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡ።

«ዲያቆን፣» አልኋቸው። ማዕረጋቸውን ልሰጣቸው አልወድም ነበር። «መሠረቱ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን እያደረጉ ነው?»

«በየዓመቱ አንድ ክንድ ነው። እንደርሳለን።»

ቀና ብዬ ሬቱን አየሁ። ስንት ዓመት እንደካቡ ያን ጊዜ ገባኝ። በመሠረቱና በሬቱ መካከል ሌሎች ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ፤ ሳይጠመቁ የሞቱ የሌሎች እናቶች ልጆች ናቸው። እነርሱ ካቡ ውስጥ ገብተዋል።

«ካህናቱ ቢሰሙ ሥርዓት አይሉም?» አልሁ።

«ሥርዓቱ ያልተጠመቀ ወደ ቅጥር አይገባም ነው የሚለው። ቅጥር ወደ ሕፃን አይሄድም የሚል አላነበብሁም።»

«ለምን በአንድ ጊዜ አያወጡትም?»

«ሰው ይጠይቀኛል። ከተጠየቅሁ ስሟን እጠራለሁ። አንቺ ደግሞ ከልክለሽኛል።»

«አልማርሁዎትም» አልኋቸው።

«አልጠየቅሁሽም። ያንን ጠፍጣፋውን አቀብይኝ።»

አቀበልኋቸው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አቀብል ነበር፤ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ ውኃው ሳይጎድል ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። «ከካቡ ውጭ፣ ከሬቱ አጠገብ በወንዙ በኩል ቅበሩኝ። ካቡን ከእኔ ወዲያ አዙሩት» አሉ። ወደ እኔ አዩ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልሁ። ሰው ሁሉ ትኩሳት ነው አለ።

ባረፉ ዕለት ውኃው ጎድሎ ነበር፤ ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ለቀብሩ ወደ ደሴቲቱ ሄድሁ። አንድ ሽማግሌ «ኑዛዜያቸውስ?» ሲሉ ደምሌ መለሰ። «የኔታ ትሕትና ያበዙ ነበር። እንዲህ ያለ ሊቅ ከቅጥር ውጭ ቢቀበር ነውሩ የእኛ ነው።» ሁሉም ልክ ነህ አሉት። ከፈረሰችው ቤተ ክርስቲያን በር አጠገብ፣ በክብር ቀበሯቸው። አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። አልተናገርሁም። በአማቶቼ ያሳበብሁት፣ በዲያቆኑ ያሳበብሁት ዝምታ ያን ቀን የራሴ ብቻ ነበር።

አሁን ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹ ለአርባቸው መታሰቢያ እንዲሆን ካቡን «ወደ ትክክለኛው መሠረት» ሊመልሱ ወስነዋል። ባለፈው ቅዳሜ ድንጋዩን ማንሣት ጀመሩ። ሄጄ «ተው» አልሁት ደምሌን።

«ለምን፣ እትዬ?»

«ዝም ብለህ ተው።»

«ዓይናቸው ደክሞ የሠሩትን ስናስተካክል ደስ የሚላቸው ይመስለኛል» አለኝ፤ በአክብሮት ነው። ትንንሾቹ ጉብታዎች እንደገና ውጭ ቀርተዋል።

ስለዚህ ለምን እንደሆነ ይኸው ጻፍሁት። ደምሌ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብብ። ካቡ አልሰከረም። የምትመልሱት ድንጋዩን ሳይሆን የገቡትን ሕፃናት ነው፤ መልሳችሁ ታስወጧቸዋላችሁ። እናቶቻቸው በገበያ ከእናንተ ጋር ያሉ ሴቶች ናቸው፤ እንደ እኔ አፋቸውን ይዘዋል። የእኔ ልጅ አምስት ክንድ ብቻ ቀርቷት ነበር። የሚቀጥለው ጎርፍ ሬቱን እንደሚተወው አላውቅም። ጉልበቴ ከእንግዲህ ቁልቁለቱን አይወርድም።

መሪጌታ ይትባረክ፤ ያን ቀን ወንዙን ቢሻገሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ። አሁንም አልማርሁዎትም፤ ያው የሚያውቁኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን በመጨረሻ ራስዎን በእርሷና በወንዙ መካከል ሊያስቀምጡ ለመኑ፤ የከለከልሁዎት እኔ ነኝ። እንግዲህ ዕዳችን ተካክሏል፤ የሚምረንም ሌላ ነው። ድንጋይ የማቀብለው ሰው አጥቻለሁ። በሰላም ይረፉ። በአፍዎ እንዳያነሡት ያልሁት ስም እንኳየሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ፈቅጃለሁ፤ ካገኟት በስሟ ይጥሯት።