መቀስና የጓሮው ቤት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «መቀስ» ይላታል። የጨርቅ አቆራረጧን አድንቆ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷንም ጭምር ነው። ወሬ በሆዷ አያድርም። ጠዋት ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ደንበኛ ያጫወታትን፣ ከሰዓት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ይሰማዋል። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ የስፌት መኪናዋ ሲሮጥ አፏም አብሮ ይሮጣል፣ በቃ።

በዚያች መኪና አንድ ልጇን ያለ አባት አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። አሁን ግን ጉልበቷ ከድቷታል። የተከራየችው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስትወጣ በየመታጠፊያው እየቆመች ደረጃውን የሠራውን ሰው ትረግማለች። የቀራት ምኞት አንድ ነበር፤ ደረጃ የሌለው ቤት፣ ያውም ልጇ ግቢ ውስጥ።

ስለዚህ ልጇ ጓሮው ውስጥ ትንሽ ቤት ማሠራት ሲጀምር ልቧ በደስታ ዘለለ። ጣሪያው ተመትቶ ልስን ላይ ሲደርስ ልታይ ሄደችና ግንበኛውን ቤቱ ለማን እንደሆነ ጠየቀችው፤ መልሱን ታውቃለች፣ መስማት ፈልጋ ነው እንጂ። ግንበኛው ሲሚንቶውን እያገላበጠ፣ ለባለቤትየዋ እናት ነው አላት።

መቀስ ክው ብላ ቀረች። የምራቷ እናት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ የራሷ ሰፊ ቤት አላት። ቅናቱ እንደሆነ ዛሬ የመጣ አይደለም። ልጇ አስተማሪዋን «እማማ» ብሎ ሲጠራ፣ ሐኪም ቤት ሲያመላልሳት፣ ቦርሳዋን ሲሸከምላት ባየች ቁጥር አንጀቷ ያርራል። የልጅ ልጇ አስተማሪዋን መስላ መወለዷን እንኳ እንደ በደል ነው የያዘችው። «እኔ ወልጄ ላሳድግ፣ እሷ በስተርጅና ወንድ ልጅ አገኘች» ትላለች ለደንበኞቿ፣ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች።

ልጇን ብትጠይቀው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ኩራቷ አልፈቀደም፤ ለምኖ መወደድን ምን ይሉታል። ሲነጋ ሱቋን ዘግታ፣ የጓሮው ቤት ለማን እንደተፈቀደ ልታጣራ ወደ ግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄደች።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ትሁት ነበር፤ ደንቡን በእርጋታ አስረዳት። በአንድ ግቢ ከዋናው ቤት ሌላ አንድ ትንሽ ቤት ብቻ ይፈቀዳል። ከአጥር ራቅ ማለት አለበት፣ አይከራይም፣ የሚኖርበትም የባለይዞታው እናት ወይም አባት ብቻ ነው።

«የምራቴ እናት እንደሆነች አትገባበትም» አለች መቀስ። «የራሷ ቤት ተርፏት ምን ልትሠራ? ዋሽተዋችኋል፣ የኔ ልጅ። እናት ካስፈለገ የባለቤቱ እናት እኔ አለሁ።»

ሠራተኛው ግቢው በማን ስም እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። በልጇ ስም ነዋ፣ በማን ሊሆን ነው! አይደለም አላት፤ ምራቷ ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ ስለዚህ በደንቡ እናት የምትባለው አስተማሪዋ ብቻ ናት። ከዚያ ያለችውን ሁሉ ጽፎ ያዘና አመሰገናት።

በማግሥቱ ሥራው ታገደ። አስተማሪዋ ራሷ ካልገባችበት ቤቱ ይፈርሳል ተባለ።

ልጇ ሦስቱን ፎቅ ወጥቶ መጣ። አልጮኸባትም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«እማዬ፣ ቤቱ እኮ ያንቺ ነበር» አላት። «ባንቺ ስም አይፈቀድም ሲሉን እማማ ስማቸውን አዋሱን። ግንበኛውንም እንዲያ በል ያልነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ላንቺ ነግሬ ማን ሳይሰማ ይቀራል?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ልትለው ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን «እሷስ ምን አለች?» የሚል ሆነ። ቅናት በዚያች ሰዓት እንኳ አልለቀቃትም።

አስተማሪዋ ምንም አላለችም። እገዳው ተነስቶ ልስኑ ሲያልቅ፣ ሰፊ ቤቷን ለወንድሟ ልጅ ትታ፣ አልጋዋንና መጻሕፍቷን አስጭና ጓሮው ቤት ገባች። ደንቡ እንግዳ ማሳደርን አይከለክልም ብላ ሁለተኛ አልጋ አዘረጋችና መቀስን አስጠራቻት። መቀስ አልሄድም ብላ ሰነበተች። ኋላ ግን ጉልበቷ ከኩራቷ ቀድሞ እጁን ሰጠ።

አሁን መስኮቱ ሥር ትሰፋለች፤ ልጇ ጠዋት ሥራ ሲወጣ ታየዋለች። ደረጃ የለም። የተመኘችው ሁሉ ሞልቶላታል ማለት ይቻላል። አስተማሪዋ ሻይዋን እንደምትወደው አድርጋ ታቀርብላታለች፣ ስለ ጉልበቷ ትጠይቃታለች፣ ስላለፈው አንድ ቃል አንስታ አታውቅም። ይሄ ነው መቀስን የሚያበግናት። ክፉ ብትሆንላት እንዴት በተመቻት!

አንድ ቀን ያ ወጣት ሠራተኛ ቤቱን ሊያይ መጣ። ዓይኑ ስፌት መኪናው ላይ፣ ከዚያ ሁለተኛው አልጋ ላይ አረፈ።

«እርስዎም እዚህ ነው የሚኖሩት፣ እናቴ?» አላት።

አስተማሪዋ ልትመልስላት አፏን ከፈተች። መቀስ ቀደመቻት።

«አይ» አለች፣ ክሩን በጥርሷ በጥሳ። «ቤቱ የሳቸው ነው። እኔ እንግዳ ነኝ።»