ቅቤ የጠገበው ጓንት

በ2016 ዓ.ም. ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ሞፈር ስጠርብ መጥረቢያው ከቀኝ እጄ ወደቀ። አነሳሁት። ደግሞ ወደቀ። ባለቤቴ የሺ ልትስቅብኝ መጣችና ፊቴን አይታ ጎረቤት ጠራች። አፌ ተጣሞ ነበር።

ጎረቤት «መጋኛ ነው» አለ። አመንኩ። አንድ ቀን ሙሉ ተኛሁ። የጎዳኝ ያ ቀን ነው።

ሆስፒታል ስደርስ ሐኪሙ «ስትሮክ ነው፤ ወደ አንጎልዎ ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቷል» አለኝ። እግሬ በወሩ ተመለሰ። እጄ እንቢ አለ። እርፍ መጨበጥ ያቃተው ገበሬ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣል። እኔ ደግሞ ሰው ባረሰልኝ እህል በልቼ አላውቅም። የጨነቀኝ እሱ ነው።

ፊዚዮቴራፒ የምትሠራልኝ ሲስተር ለሙከራ የመጣ ጓንት አጠለቀችልኝ። ጣቶቹ ላይ ፖሊመር የሚሉት ስስ ላስቲክ አለው። ኤሌክትሪክ ሲገባው ይኮማተርና ጣትን ያጥፋል፤ ይህን አክቹዌተር ይሉታል። ከሥሩ ቆዳ የሚነካው ደግሞ ሴንሰር ነው፤ ጣት በራሱ ጥቂት እንኳ ሲሞክር ያውቅና ስክሪኑ ላይ መስመር ያነሳል።

«እንደ በሬ በጅራፍ ልትነጂኝ ነው በይኛ» አልኳት።

«በሬስ ይሻላል አባባ፣ አይከራከርም» አለች።

ሦስት ሳምንት መስመሩ ተኝቶ ከረመ። ሲስተር ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ጓንቱን ገልብጣ አሸተተችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ።»

«ማን ቀባዎት?»

«የሺ። ጠዋት ጠዋት ታሸኛለች። ጅማት የሚፈታው ቅቤ መሆኑን አንቺ ሳትወለጂ ወጌሻ ያውቀዋል።»

«ማታ ይቀቡት፣ አልከለክልም። ሴንሰሩ ግን ቆዳ ካላገኘ አያይም። እስካሁን የሞከሩትን ሁሉ ቅቤው ውጦታል።»

አፈርኩ። በሳሙና ታጠብኩ።

በታጠበ እጅ ላይ መስመሩ ብድግ አለ፤ መጀመሪያ እንደ ጉንዳን ጉብታ፣ እየቆየ እንደ ኮረብታ፣ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ከሲስተር ጋር እየተሟገትኩ፣ እየሳቅኩም፣ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ድረስ አንድ በአንድ መለስኳቸው። በአራተኛው ወር አንድ ከሰዓት በኋላ የእርፍ ውፍረት ያለው ዱላ አስጨበጠችኝ። ጨበጥኩ።

«ኤሌክትሪኩን ካጠፋሁት ቆየሁ» አለች።

«ታዲያ ጣቴን ማን አጠፈው?»

«እርስዎ ነዎት አባባ።»

እግዚአብሔር ይመስገን። ሲስተርንም የሺንም ያክብርልኝ። እናንተ ይህ በሽታ ያገኛችሁ፦ አፍ ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ሂዱ፤ አትተኙ። ቤት የምታደርጉትንም ለሐኪማችሁ አትደብቁ፤ እኔ ሦስት ሳምንት የከሰርኩት በዝምታዬ ነው። መሣሪያውም ብቻውን አያድንም፤ እናንተ ካልሞከራችሁ የሚያየው ነገር የለም።

ዱላውን በጨበጥኩ ማግስት ጠዋት የሺ «ትንሽ ብትቆይስ» እያለችኝ በሬዎቼን ጠመድኩ። አንድ ፈር አወጣሁ። ተንጋደደ። በጎኑ ሌላ አወጣሁ።