የአከራዬን ዶሮ ያጠብኩ ዕለት

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። እኔና አከራዬ አንድ ክረምት ሙሉ የኖርነው በዚህ ተረት ነው።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የስድሳዎቹ አጋማሽ፣ ስቶክሆልም ለትምህርት የመጣሁ ጊዜ ነው። ያኔ የሚከራይ ክፍል ማግኘት ፈተና ከማለፍ ይከብድ ነበር። ጓደኞቼ በሰው ወለል ላይ ፍራሽ እያነጠፉ ሲያድሩ፣ እኔ ዕድል ቀንቶኝ በከተማው ደቡብ አንዲት ክፍል አገኘሁ። ሻርሆልመን የሚባለውን አዲስ ሰፈር ሊሠሩ ቋጥኙን በድማሚት ከሚያፈነዱበት ብዙም የማይርቅ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ድማሚቱ በፈነዳ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። የቤቱ ባለቤት ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። ከሳቸው ጋር የምትኖረው አንዲት ነጭ ዶሮ ብቻ ነች። ጓሮ ውስጥ ቤት አላት፤ ሲበርድ ግን ወጥ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ኧረ እንዲያውም ከኔ የተሻለ ወንበር ነበራት!

በገባሁ ሰሞን አሮጊቷ፣ “በተማሪው አገር ዶሮ አለ?” ብለው ጠየቁኝ። የዚያን ዘመን ስዊድኖች ፊትህ ቆመው ሳሉ፣ “አንተ” ሳይሉ እንደሌለህ ሰው ነበር የሚያናግሩህ። እኔም አገር የሚያነሳ ሰው ሳገኝ ጊዜ አፌን የሚይዝልኝ ጠፋ። ዶሮ በበዓል እንደሚታረድ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ የቤታችን አራጅ እኔ እንደነበርኩ፣ አያያዙን ሳይቀር በእጄ እያሳየሁ አወራሁላቸው።

“ትሰቃያለች?” አሉኝ።

“ካራው ከተሳለ ምንም አታውቅም” አልኳቸው።

እጄን አዩ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ማለት ይኸው ነው፤ ጫሪው ግን እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሳም። ዳቦ ስቆርጥ ያያሉ። እርሳስ ስቀርጽ ያያሉ። በጓሮ በኩል ካለፍኩ መጋረጃው ይነቃነቃል፣ ከመጋረጃው ኋላ ደግሞ እሳቸው አሉ። የዶሮዋ ቤት ያልነበረው ቁልፍ ተበጀለት። እኔን ነው! የሰው ዶሮ ሰርቄ ልበላ? ተናደድኩ። በንዴቴ ላይ ደግሞ እኔም በተራዬ እሳቸውን መጠርጠር ጀመርኩ፤ እቃዬን ይፈትሹ ይሆን እያልኩ ሳጥኔን መቆለፍ አመጣሁ።

በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ አንድ ጠዋት ደረጃው ሥር ጠብቀው፣ “ተማሪው ለበጋ ሌላ ክፍል ይፈልግ። የእህቴ ልጅ ትመጣለች” አሉኝ።

የእህት ልጅ! ክረምቱን ሙሉ ስሟ ያልተነሳ፣ በፎቶግራፍ እንኳ ያላየኋት የእህት ልጅ ከየት መጣች? ያስባረረችኝ ዶሮዋ እንደሆነች ያኔውኑ ገባኝ። ፈተናዬ ደርሷል፤ ክፍሉን ካጣሁ በሰው ወለል ላይ ተኝቼ የማልፈው ፈተና የለም። ወደ አገሬ ባዶ እጄን ከመመለስ ሞት ይሻለኝ ነበር።

እሳቸው ግን በዚያው ሰሞን በረዶ አንሸራቷቸው ወደቁና ቀኝ እጃቸው በጄሶ ታሰረ። ዶሮዋም ታመመች። ላባዋን ነፍታ ጥግ ትቀመጣለች፤ ከኋላዋ ያለው ነጭ ላባ በኩስ ተጣብቆ፣ ደርቆ እንደ ጭቃ ጓል ሆኗል። ሽታው ፎቅ ድረስ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬን አንኳኩ።

“ተማሪው ዶሮ ሊያጥብልኝ ይችላል?”

ወጥመድ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ደግሞ አሰብኩና፣ አጥቤ እንደ ሙሽራ ካስረከብኳቸው ክፍሌ ክፍሌ ነች አልኩ። እጅጌዬን ሰብስቤ ወረድኩ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሳፋ ተዘጋጅቷል። ዶሮዋን እንደለመድኩት ሁለቱን ክንፎቿን ከጀርባዋ አጣምሬ አፈፍ አደረግኳት። አሮጊቷ ጩኸታቸውን ለቀቁት! ደንግጬ ለቀቅኳት። በግራ እጃቸው አሳዩኝ፦ አንዱ መዳፍ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ክንፏ ላይ ቀስ ብሎ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስቼ የፈላውን ውሃ ሳፋው ላይ ልገለብጥ ስል ክንዴን ያዙኝ። እውነታቸውን ነው፣ የፈላ ውሃ ላባ መንጪያ ነው። ቀዝቃዛ ጨመሩበት፤ በክርናቸው ለኩትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

እኔም ልቤ ረጋ ሲል፣ “ሎሚና ጨው አለ?” ብዬ ጠየቅኩ።

ፊታቸው አመድ መሰለ። ምን ላድርግ? በኛ ቤት ዶሮ በሎሚና በጨው ተፈትጋ፣ ውሃው እስኪጠራ ታጥባ ታጥባ ነው ጠረኗ የሚጠፋው። የማውቀው የዶሮ አጠባ እሱን ብቻ ነው። በቁሟ ለምትታጠብ ዶሮ ሌላ ሕግ እንዳለ ማን ነገረኝ? ሳይመልሱልኝ የሕፃን ሳሙና ሰጡኝ፤ ለማለቅለቂያው ደግሞ ኮምጣጤ ጠብ አደረጉ። ኮምጣጤ ከተፈቀደ ሎሚ ምን በደለ ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

ዶሮዋ መጀመሪያ ተወራጨች፣ ረጨችን። ሙቀቱ ሲሰማት ግን ቀስ በቀስ ረጋች። የደረቀውን ኩስ ብጎትተው ቆዳዋ አብሮ ይመጣል፤ ስለዚህ ውሃ ውስጥ እያራስኩ በጣቶቼ መሃል አፍረከረክኩት። ውሃውን ደፋሁ፣ ለወጥኩ፣ እንደገና አሸሁ። ሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቶ ነበር። አሳዘነችኝ። ከኔ በላይ ለምትከበር ዶሮ ለማዘን የበቃሁት እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ መዳፌ ላይ ዓይኗን ጨፍና ልቧ ድው ድው ሲል ግን አንጀቴን በላችው። አሮጊቷ ከጎኔ ቆመው እንደ ልማዳቸው እጄን ያያሉ።

በፎጣ ጠቅልዬ ምድጃው አጠገብ ተቀመጥኩ። አሁን ነው እንግዲህ፣ አልኩ በልቤ፤ አሁን ስለ ክፍሉ ያነሳሉ።

አነሱም። “የእህት ልጅ የለኝም” አሉ።

ቤቱን ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ማለት ነው፣ ወስዶታል። በበጋ ይፈርሳል፤ በቦታው መንገድ ያልፋል። እሳቸው የአረጋውያን ቤት ይገባሉ፣ እዚያ ደግሞ ዶሮ አይገባም። ያረጀችና የታመመች ዶሮ የሚወስድ ሰው ፈልገው አጥተዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ምድጃውን እያዩ ነው። ለሰው መናገር አፍረው ነበር።

“ተማሪው ካራው ከተሳለ ምንም አታውቅም ብሎኛል። ክረምቱን ሙሉ እጁን ሳየው ነበር። አይንቀጠቀጥም።”

እኔ ክረምቱን ሙሉ አልነካትም እያልኩ ስምል፣ እሳቸው የሚያርድላቸው እጅ ሲመርጡ ኖረዋል። ዶሮዋ ፎጣው ውስጥ ሞቋት እንቅልፍ ወስዷታል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት።

“ታዲያ ለምን አጠብናት?” አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

“በእድፏ እንድትሄድ አልፈልግም።”

በኛ ሰፈር ወንድ የሌለበት ቤት ሴቲቱ ዶሮዋን ታቅፋ በር ላይ ትቆማለች። የሚያልፈውን ወንድ፣ ቢያውቃትም ባያውቃትም፣ “ወንድሜ፣ እረድልኝ” ትለዋለች። እምቢ ሲል ያየሁት ሰው የለም። ይኸው እኒህም ቆመዋል፤ የዚያ በር አላፊ እኔ ሆንኩ። እሺ አልኩ።

“መጀመሪያ ትድረቅ” አሉ።

እስክትደርቅ ጠበቅን። ላባዋ እንደ ጥጥ ተነፍቶ፣ ከመጣሁ ወዲህ አይቼው የማላውቀው ንጣት ነጣች። ቢላዋውን ስዬ፣ ጓሮ የፖም ዛፉ ሥር ወጣን፤ የሚቀብሯት እዚያው ነው። ለመቃብር ዶሮ ያረድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ተንበርክከው፣ በደህናው እጃቸው ሁለት እግሮቿን አጥብቀው ያዙልኝ።