ቆማ የምትደክም መኪና

ወረታ ውስጥ ሳልህን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነበር። «የሐጂ ሹፌር» ይሉታል፤ እሱም አይጠላውም። ሐጂ አማን የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነበሩ። መኪናቸው ከጣሊያን ጊዜ የቀረች፣ ጎኗን የአገር አናጢ በሳንቃ የሠራላት አሮጌ የጭነት መኪና ናት። በበጋ ኑግ፣ ቅቤና ቆዳ ጭና ጎንደር ትወጣለች፤ ስትመለስ ጨውና ሰው ታመጣለች። ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ባሕር ሲመስል፣ በሐጂ ግቢ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር እስከ መስከረም ትቆማለች።

የሳልህ ቀኝ እጅ አንጓው ላይ ጠማማ ነው። ከዓመታት በፊት በማኖቬላ ሊያስነሳት፣ ያን የብረት መዘውር ከፊቷ ሰክቶ ሲያዞር፣ ሞተሩ ወደ ኋላ ዞረና አጥንቱን ሰበረው። ወጌሻ አሽቶ ገጠመለት፤ ግን እንደ ነበረ አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ሞፈር መጨበጥ፣ ኩንታል ማንሳት አይሆንለትም። መሪ ግን ይይዛል። የቀረችለት ሙያ መንዳት ብቻ ነበረች። ካቢናው ውስጥ ሲቀመጥ ባላገሩ «ጌታው፣ ሳንቃው ላይ ቦታ አለ?» ብሎ ይለምነዋል። ከካቢናው ሲወርድ ግን እንኳን ሊለምነው ቀና ብሎ የሚያየውም የለ።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት መኪናዋ ታመመች። ሕመሟ እንግዳ ነበር። ስትሄድ ደህና ናት፤ የምትደክመው ስትቆም ነው። ማታ በቁልፍ ብድግ ያለችው መኪና፣ ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ትልና ዝም። ባትሪው አድሮ ባዶ ይሆናል። በማኖቬላ እንዳያስነሳት የእሱ እጅ አይችልም፤ የእሱን ስብራት ያየ ሌላ ሰውም ብረቱን አይነካም። ሌላ አገር ቢሆን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማንደርደር ነበር፤ የሐጂ ግቢ ግን እንደ መዳፍ የተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ ከረመ።

ሐጂ አማን ይህ ነገር አንገሸገሻቸው። አንድ ቀን ከሱቃቸው ደጃፍ ጠሩት።

«ሳልህ፣ ገበያው ምን እንደሚለን ሰምተሃል? ‹የሐጂ አማን መኪና አስከፍላ ታስገፋለች› ተባልን እኮ!»

«ሰምቻለሁ ሐጂ።»

«እንግዲያ እስከ መስከረም ጊዜ ሰጥቼሃለሁ። መንገዱ ሲደርቅ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ያለ ሰው ጉልበት በቁልፏ ከተነሳች አንተም አለህ፣ እሷም አለች። ካልተነሳች ለፈለጋት ሰው እሰጣታለሁ።»

«እኔስ ሐጂ?»

«አንተማ ሰው ነህ። ሰው አላህ አለው» አሉና ወደ ሚዛናቸው ተመለሱ።

ሳልህ ከዚያን ቀን ጀምሮ የባትሪውን ኃይል የሚሰርቀውን ሌባ ፍለጋ ገባ። ስለ መኪና ጥቂት ያውቃል፤ ልጅነቱን ጎንደር ባለ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ብሎን ሲያጥብ ነው ያሳለፈው። መኪና ቁልፏ ተዘግቶ፣ መብራቷ ጠፍቶ ቆማ ባትሪዋ ካለቀ፣ ከሽቦዎቹ አንዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ብረት እየነካ ነው ማለት ነው። ይህን ለማየት የባትሪውን ገመድ ነቅሎ መልሶ ጫፉን ከባትሪው ነካ ነካ ማድረግ ነው። ትንሽ ብልጭታ ካየህ ኃይሉን የሚጠጣ ነገር አለ።

የሞተሩን ክዳን፣ ኮፋኖውን፣ ከፍቶ ገመዱን አስነካ። ብልጭ አለ።

«አገኘሁህ!» አለ።

የግቢው ዘበኛ አያ ማረው ዱላቸውን ተመርኩዘው ከጀርባው ቆመው ነበር። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ነበሩ፤ በአንድ ክረምት ከብቶቻቸው አልቀውባቸው ነው ለሐጂ በር ያደሩት።

«ማንን አገኘኸው?»

«ሌባ አለ አያ ማረው።»

«እኔ እዚህ ተገትሬ እያደርሁ? ሚካኤልን! ድመት እንኳ ሳላያት አትገባም!»

«ኧረ ሰው አይደለም። ከነዚህ ሽቦዎች አንዱ ነው የሚሰርቀኝ።»

አያ ማረው ጎንበስ ብለው የሽቦውን ጥልፍልፍ አዩት። አንጀት ያዩ ያህል ፊታቸውን ቋጠሩ። «እንዲያ ከሆነስ አልቅት ነው» አሉ። «የኛ አገር በሬ እያየኸው ይከሳል። ሣሩ ለጉልበቱ ደርሶ እሱ አጥንቱ ይቆጠራል። መዥገር ነው ብለህ ቆዳውን ስታስስ የለም። አፉን ፈልቅቀህ ስታይ ከጉሮሮው ተጣብቆ ታገኘዋለህ።»

«በየት በኩል ገብቶ?»

«በሚጠጣው ነዋ! ይችስ ምን ትጠጣለች?»

ሳልህ ሳቀ። በዚያ ክረምት የሳቀው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። «እሷማ የምትጠጣው ለባላባትም አይገኝ። ባትሪዋን የማጠጣው የወንዛዬን ፍል ውኃ ነው።»

«አዪ! እኔ ጉልበቴ እየቆረጠመኝ እዚህ፣ እሷ ወንዛዬ!»

ይህ ቀልድ አልነበረም። ባትሪ ውኃው ሲጎድል ይሞላለታል። የጋራዡ ባለቤት ጣሊያኑ የወንዝ ውኃም የጉድጓድ ውኃም ወደ ባትሪ አያስጠጋም ነበር። እሳት ላይ ማንቆርቆሪያ ይጥድና፣ አፉ ላይ የመዳብ ቱቦ ሰክቶ፣ ከቱቦው ማዶ በጠርሙስ ይቀበላል። ሳልህ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ይፈራ ነበር፤ አይቶ ግን ያዘ። ለባትሪ የሚሆነው የፈላ ውኃ ነው አለ በልቡ። ሹፌር ከሆነ በኋላ መጀመሪያ ራሱ እያፈላ ይሞላ ነበር። ቆይቶ ግን ወንዛዬ ትዝ አለው። ሰው ያፈላው ውኃ ይህን ያህል ከጠቀመ፣ አላህ ራሱ ከመሬት ሆድ አፍልቶ የሚያወጣው፣ ሽባ የሚያስነሳው፣ ቁስል የሚያደርቀው ውኃማ እንዴት አይጠቅምም? በበጋ መታጠቢያ የሚሄዱ ሰዎችን ሲያደርስ በጀሪካን ይቀዳል። ክረምት ሲሆን ደግሞ በእግሩ ጭቃውን እየዳከረ ሄዶ ያመጣል። ባትሪው በደከመ ቁጥር ይጨምርለታል። ለታመመ ሰው መድኃኒት እንደሚጨመር።

ፍለጋው ቀጠለ። የክላክሱን ሽቦ ቆረጠው፤ ብልጭታው አልጠፋም። የኋላ መብራቱን ቆረጠ፤ አልጠፋም። የፊት መብራቶቹን ሽቦ ከሥሩ መዘዘው። ዝናቡ ጋብ ባለ የገበያ ቀን ተሸካሚዎችን ለምኖ እያስገፋ ያስነሳታል፤ ሞተሩ ሲዞር ዲናሞዋ ባትሪውን ይሞላል፤ በነጋታው ባዶ። ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ እየዘፈኑ ገፉ። በኋላ እያላገጡ ገፉ። በመጨረሻ ሲያዩት መንገድ መቀየር ጀመሩ።

የቀረችው የካቢናዋ ትንሽ መብራት ነበረች። ራሱ ነው የሠራት። ሚስቱን ራሂማን ከጎንደር አግብቶ ሲያመጣት፣ መንገድ ላይ ስለ መሸባቸው በዚያች መብራት ነው ፊቷን እስኪጠግብ ያየው። ቆረጣት። ገመዱን ከባትሪው ጫፍ አስነካ።

ብልጭ አላለም። ደግሞ አስነካ። ምንም የለም።

«ገደልሁት!» ብሎ ጮኸ። «አያ ማረው፣ ገደልሁት!»

«እሰይ! ሬሳውን አሳየኝ እስቲ!» አሉ አያ ማረው እየሮጡ መጥተው። የተቆረጠውን ሽቦ እንደ እባብ በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉት።

በነጋታው ጠዋት ሳልህ ሰግዶ፣ ምግብ ሳይቀምስ መጣ። ቁልፉን አዞረ። ጠቅ።

ከመሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። አያ ማረው ከውጭ አይተውት ነበር፤ ዱላቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ አስገፍቶ ባትሪውን ሞላና፣ ፈቶ በሁለት እጁ አቅፎ ቤቱ ወሰደው። ከምንም ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ማን ይሰርቀዋል? ራሂማ የጭድ ከረጢት ላይ ሲያስቀምጠው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ምነው፣ ጣውንት አመጣህብኝ?»

«ዝም በይ እስቲ፣ ጨንቆኛል።»

«ጣውንትስ ብትሆን ትሻል ነበር። ቢያንስ ውኃ ትቀዳልኝ ነበር፤ ለዚህች ግን አንተ ነህ ወንዛዬ ድረስ ሄደህ የምትቀዳላት» ብላ ስቃ ልታስቀው ሞከረች። አልሳቀም። ጀሪካኑን አንስቶ፣ የባትሪውን ክዳኖች አንድ በአንድ ከፍቶ እስከ አፋቸው ሞላቸው።

ባትሪው እዚያው ቤት ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ ተቀምጦ ሞተ።

ሳልህ ያኔ ፍለጋውን ተወ። ሌባው ሽቦ አይደለም፤ የካቢናዋ ሽቦ ይጠጣ የነበረው ጠብታ ነው፤ ሰው አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው? ጠማማ እጁን አገላብጦ ያያል። «እጄ ነው ራሂማ» አላት። «የነካሁት ነገር ሁሉ ይደርቃል።» ራሂማ ይህን ስትሰማ ቀልዷ ጠፋ። ልጅ አልወለዱም ነበር፤ ነገሩ ወደዚያ እንዳይሄድ ፈርታ «እጅህማ ጎንደርን ስንቴ አመላልሷል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ጳጉሜ ላይ ርብ መንገዱን ስለ ዘጋ ወደ ጎንደር የሚሄድ አንድ አውቶቡስ ወረታ ላይ ውኃው እስኪጎድል ቆመ። ሹፌሩ ደሳለው የሳልህ የጥንት የሙያ ጓደኛ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ አብረው ብሎን አጥበዋል። ሊጠይቀው ሲመጣ ባትሪውን ጭድ ላይ ተኝቶ አገኘው።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ አራስ ያስመሰልኸው?» አለና ክዳኑን ከፍቶ ወደ ብርሃን አዘነበለው። ፊቱ ተለወጠ። «ሳልህ፣ ምንድን ነው ያጠጣኸው?»

«ወላሂ ደሳለው፣ የወንዝ ውኃ በአፉ አልዞረም። የወንዛዬን ፍል ውኃ ነው። ከፈላው ውኃ የበለጠ።»

ደሳለው አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻል ነበር። ቀስ ብሎ ባትሪውን መልሶ አስቀመጠ።

«ጣሊያኑ እኮ የሚይዘው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረውን አልነበረም። እንፋሎቱን ነበር። እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ ሲቀዘቅዝ ምንም የሌለበት ውኃ ይሆናል። ባትሪ የሚፈልገው ምንም የሌለበትን ነው። የወንዛዬ ውኃ የመሬቱን ጨው፣ የመሬቱን ብረት ሁሉ አጥቦ ነው የሚመጣ። እሱ ሲገባበት ባትሪ ራሱን በራሱ ይበላል። ሽቦ ቢኖረው ባይኖረው፣ ቢቆም ቢሄድ፣ ይበላል።»

ሳልህ ጀሪካኑን አየው። ከዚያ «ጨመርሁበት» አለ። «በደከመ ቁጥር ጨመርሁበት።»

«አላወቅህማ።»

«ጠርሙሱን አይቼው ነበር። የፈላውን ማቀዝቀዣ መስሎኝ ነው።» ባትሪውን ዳበሰና «ማዳኛ የለውም?» አለ።

«አዲስ ባትሪ። ከአሥመራ የሚመጣ።»

መስከረም ሲጠባ ሐጂ አማን ወደ መኪናዋ ሲመጡ ብቻቸውን አልነበሩም። አለኸኝ የሚባል፣ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ወፍጮ ሊተክል ያሰበ ሰው አብሯቸው ነበር። አለኸኝ መኪናዋን ዞረ። የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች፣ ባዶ የቀሩትን የመብራት ጉድጓዶች አየ።

«ሐጂ፣ ይችማ የተዘረፈ ቤት ትመስላለች። ሞተሯን ለወፍጮ ብዬ ነበር፤ እንዲህ ስትሆን ግን ሆዷም ጤና ያለው አይመስለኝም። ልተዋት።»

ሐጂ አማን ወደ ሳልህ ዞሩ። ሳልህ ሲጠብቀው የከረመው ሰዓት ይህ ነበር። ዝም ቢል ሰውዬው ትቷት ይሄዳል። ግን ሐጂ መሸጡን ትተው አዲስ ባትሪ እንዲያስመጡ ከተፈለገ፣ መኪናዋ ደህና መሆኗን ማወቅ አለባቸው። እውነቱን ከተናገረ ያዝኑለታል ብሎ አሰበ። የቀረውም እውነቱ ብቻ ነበር።

«ሐጂ፣ መኪናዋ አንዳች አልሆነችም» አለ። «ሞተሯ እንደ ትናንቱ ነው፤ ዘይት አታነጥብ፣ ጭስ አትተፋ። ባትሪውን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ የማይሆን ውኃ አጠጥቼ። ሽቦውንም በከንቱ የቆራረጥሁት እኔ ነኝ። አዲስ ባትሪ ካገኘች ሽቦዋን እኔ እቀጥላለሁ፤ ነገ ጎንደር ትገባለች። ወላሂ።»

መጀመሪያ የተናገረው አለኸኝ ነበር።

«ሞተሯ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያ እወስዳታለሁ!» አለና ሐጂን በደስታ ጨበጣቸው። «ወፍጮ ምን ባትሪ ይሻል? ሦስት ወጠምሻ ልጆች አሉኝ፤ በማኖቬላ ያዞሩታል።»

ሐጂ አማን ሳልህን አዩት። አልተቆጡም። «የሚያዋጣኝን ነገርኸኝ» አሉ፤ «አላህ ይስጥህ» ብለውም መረቁት።

ግቢው ገና ጭቃ ነበር። አዲስ ዘመን ድረስ የሚጎትታት መኪና ከዋናው መንገድ ወርዶ መግባት ስላልቻለ፣ እስከ መንገዱ ድረስ በበሬ ልትወጣ ሆነ። አያ ማረው ከቁሐር ሁለት ጥማድ ተውሰው አመጡ። ሰንሰለቱ ከፊቷ ታሰረ። ከዚያ አለኸኝ ዘወር ዘወር ብሎ «መሪ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል እኮ፤ አጥር ላይ ትወጣብናለች» አለ።

ማንም ሳይጠራው ሳልህ ወጣና ተቀመጠ። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ፤ ማርሹን ባዶ አደረገ። አያ ማረው «ና! ና ዳለቻ!» ብለው ጅራፋቸውን አስጮኹ። በሬዎቹ አጎነበሱ፤ ጎማዎቹ ከጭቃው ተላቀው ዞሩ። ሞተር የሌለው ጉዞ እንዴት ዝም ይላል! የበሬዎቹ ትንፋሽና የሳንቃው መንኳኳት ብቻ ይሰማል። የሰፈሩ ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። አንዱ ተሸካሚ «ሳልህ፣ አንድ ሰው ጎንደር!» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሳልህ አጥሩን፣ የጉድጓዱን ጠርዝ፣ የሱቁን ማዕዘን እያየ መሪውን በጥንቃቄ አዞረ። አንድም ነገር አልነካም።

ከጠጠሩ መንገድ ሲደርሱ የሚጎትታት መኪና ተዘጋጅቶ ቆሟል። ከአለኸኝ ልጆች ታላቁ የካቢናውን በር ከፈተ።

«ደከምህ፣ ውረድ። ከዚህ በኋላ እኔ እይዛለሁ።»

ሳልህ ወረደ። ልጁ ገብቶ በሩን ሲዘጋ፣ «ፍሬኗን ቀስ እያልህ ያዝ፤ ወደ ግራ ትስባለች» አለው። ልጁ የሰማው አልመሰለም። ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ሄደች።

አያ ማረው በሬዎቹን ፈተው ወደ ቁሐር ሊመልሷቸው ፊታቸውን አዞሩ። «ትመጣለህ?» አሉት።

«ይሂዱ፣ እደርስብዎታለሁ» አለ። ቃሉን ይስጥ እንጂ እግሩ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም ነበር። መንገዱ ዳር እንደ ቆመ፣ ከጎንደር በኩል የመጣ አንድ ባላገር ቅቤ ተሸክሞ አለፈው፤ ቀና ብሎም አላየውም።