ከአጥር ላይ የሚሰቀለው ሽክና

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ ከአንድ ሆቴል ግድግዳ ላይ የቅል ሽክና ተሰቅሎ አየሁ። በጨሌ አስጊጠውታል። የባህል ዕቃ ነው አሉኝ። ሳቄ መጣ። እኔ የማውቀው ሽክና የሚሰቀለው ከአጥር እንጨት ላይ ነበር፤ ከንፈሩ የተሸረፈ፣ ዝናብና ፀሐይ የሚፈራረቅበት። አባቴ የሚጠጣበት ነበር። ከሰው ዕቃ እንዳይቀላቀል በየቤቱ አጥር አንዳንድ ይሰቀልለት ነበር።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከቡሬ ወጣ ብሎ ነው። የአባቴ ስም አዳሙ ነው፤ በስሙ የሚጠራው ግን አልነበረም። መልኩ ጥቁር ስለሆነ "ሻንቆ" ይሉታል፣ እኔን "የሻንቆ ልጅ"። ፊደል ልቆጥር ብሄድ የኔታ "የሻንቆ ልጅም ዳዊት ሊደግም ነው?" ብለው ስቀው መለሱኝ። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የለየሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ያጽናኑኝ መስሏቸው "ጥቁር ላምም ነጭ ወተት ትሰጣለች" የሚሉኝ ነበሩ። ላሟን ለመውደድ የግድ ወተቷ መንጣት አለበት?

አጨዳ ሲደርስ ግን ያለ አባቴ ደቦ አይወጣም። መሪው እሱ ነው። ከፊት ሆኖ እየዘፈነ ማጭዱን ሲያስገባ ሌላው ተቀብሎ ይከተለዋል። መሪን መቅደም ነውር ነው፤ መሪ ከቆመ ደቦው ይቆማል። የደረቀ ስንዴ ሽታና ያ ዘፈን እስከዛሬ አብረው ነው የሚመጡብኝ።

አንድ ቀን ደቦው የአያ ተገኘ ነበር፤ እኔም ነዶ ልሰበስብ አብሬ ወጥቻለሁ። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ባለቤታቸው እመት ይታይሽ ጠላ በገንቦ አምጥተው በአንድ ትልቅ ሽክና ከእጅ እጅ ያዞሩ ጀመር። አባቴ ዘንድ ሲደርሱ ያቺን የአጥር ሽራፊ ሽክና ከዘንቢላቸው አወጡና እንዳቀብለው ሰጡኝ። ተቀበልኳት። ከድንጋይ ላይ አላተምኳት።

"ምን ነካህ አንተ!" አሉ እመት ይታይሽ።

"ተሰበረች" አልኩ።

አባቴ አየኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማጭዱን አስቀምጦ ከነዶ ላይ ተቀመጠ።

"አያ ተገኘ፣ ጠምቶኛል።"

"ሌላ ቅል ከቤት ይመጣልሃል፣ ሻንቆ። እስከዚያ እጨድ እንጂ።"

"በምን ምራቄ ልዝፈን?"

ቤቱ ከቁልቁለቱ ማዶ ነው። በሽንዲ በኩል ደግሞ ደመና ጠቁሮ እየመጣ ነበር፤ የታጨደውም ያልታጨደውም ስንዴ ሜዳ ላይ ነው። አያ ተገኘ አንዴ ሰማዩን አንዴ አባቴን አዩ።

"ኧረ አዳሙ፣ በማርያም! ደመናውን እየው!"

ስሙን ከሰው አፍ የሰማሁት ያኔ ነው። ጥቁር ደመና ሲመጣ የጥቁር ሰው ስም ትዝ አላቸው።

"እያየሁት ነው" አለ አባቴ። አልተነሳም።

እመት ይታይሽ የሰዉን ሽክና ሞልተው ሰጡት። ቀስ ብሎ ጨለጠና መለሰ። እንደገና ሞሉት፣ አጠገቡ ላለው ዘረጉለት። "ለኔ ይቅርብኝ" አለ። ቀጥሎ ያለው "አልጠማኝም"። ሌላው "ዛሬስ ሆዴን አሞኛል"። በዚያ ፀሐይ የጠማው ሰው አባቴ ብቻ ሆነ።

"እንግዲያ የነሱንም ለኔ ይስጡኝ፣ እመት ይታይሽ። ጠላዎ ግሩም ነው!"

ጠጣና ተነሳ። እንደዚያ ቀን ሲያጭድ አይቼው አላውቅም። ከንፈራቸው የደረቀ ሰዎች ከኋላው እያለከለኩ ዘፈኑን መቀበል አቃታቸው። ዝናቡ ሳይጥል ስንዴው ተሰበሰበ። ከዚያ ሁሉም ወደ ወንዙ ወርደው፣ ከብት ከሚጠጣበት በእጃቸው እየጠለቁ ጠጡ። ከአባቴ አፍ የበሬ አፍ ተሻላቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። "ሌላ ጊዜ ስትሰብር" አለኝ፣ "ትልቁን ስበር።"

አባቴ አፈር ከለበሰ ቆየ። ዛሬ ሰው የየራሱን ጠርሙስ ስለሚይዝ ሽክና መለየት አላስፈለገም፤ ነገሩ የቀረ የሚመስለው ለዚህ ነው። ባለፈው ለልጄ ሽማግሌ ብልክ "ልጁስ ጥሩ ነበር፣ አጥንቱ እንጂ" ተብለው ተመለሱ። አጥንት ነጭ መሆኑን አያውቁም እንዴ?

ሆቴሉ ውስጥ አስተናጋጇን ጠላ አዘዝኳት፣ በተሰቀለው ሽክና።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ ለጌጥ ነው።"

"አውርጅውና እጠቢው፣ ልጄ።"

አውርዳ፣ አጥባ፣ ሞልታ ሰጠችኝ። ሰዉ ዞሮ ያየኛል። ቀስ ብዬ ጨለጥኩና ከጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። ቀጥሎ የጠማው ይጠጣ፤ ወንዙ እንደሁ ከዚህ ሩቅ ነው።