የስምንተኛ «ለ» ሰባት ልጆች

የመጡት ሒሳብ ሳስተምር ነው። ሁለት ነበሩ። አንዱ በሩ ላይ ቆመ፤ ሌላው ገብቶ፣ «ቲቸር፣ ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሽ ነበር» አለኝ። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩትን ስሌት ጨረስኩ፤ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ አራግፌ ወጣሁ። አምስቱ ደቂቃ ሃምሳ ሦስት ቀን ሆነ።

ከመርሳ ወልዲያ በፒክአፕ ወሰዱኝ። ሲሪንቃ ላይ ቆመው ማንጎ ገዙና ለእኔም አንድ ሰጡኝ። ሳልበላው ይዤው ገባሁ። ያሰሩን የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው፤ ወለሉ ስሚንቶ፣ አየሩ የማሽላ አቧራ። ዘጠኝ ሴቶች ነበርን። አጠገቤ የሚተኙት ከግራና የመጡ አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን ይዘው መጡ።

«ምን አድርገሽ ነው?» አሉኝ ማንጎውን እየተካፈልን።

«ደብዳቤ ጽፌ ነው፣ እማማ።»

«ለማን?»

«ለትምህርት ጽሕፈት ቤት።»

«ወላሂ! ለመንግሥት መጻፍም ያሳስራል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጎረቤት አገር ድንበር አቋርጠው ከእናቶቻቸው ጋር የመጡ ሰባት ልጆች ክፍሌ ውስጥ ነበሩ። ሁለቱ መንግሥታት በእነሱና በመሰሎቻቸው ይካሰሱ ነበር። እነዚያ «ልጆቻችንን ይዛችሁ ትምህርት ከለከላችኋቸው» ይላሉ። የእኛዎቹ «ከጠመንጃችሁ ሸሽተው የመጡ ናቸው፤ መብታቸው ሳይጓደል እያስተማርናቸው ነው» ይላሉ። ልጆቹ በእርግጥ ይማሩ ነበር። ነገር ግን የልደት ወረቀት የላቸውም ተብሎ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና አልተመዘገቡም። እኔም «ይፈተኑ» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው እንዴት እንደወጣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በጎረቤት አገር ሬዲዮ ተነበበ፤ ልጆቹ ይራባሉ፣ ይደበደባሉ የሚል ያልጻፍኩት ተጨምሮበት።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ታናሽ ወንድሜን የሚያክል ወጣት ነው። ከጎኑ አንድ ሰው ካሜራ ተክሎ ቆሟል።

«ይህን ታነቢያለሽ» አለኝ ወረቀት እየሰጠኝ። «ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ነሽ።»

አነበብኩት። ልጆቹ ተራቡ የተባለው ውሸት ነው ይላል። ልክ ነው። አልተደበደቡም ይላል። እሱም ልክ ነው። ከዚያ፣ «ሰባቱም ለፈተና ተመዝግበዋል፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት በጠላት ተገፋፍቼ ነው» ይላል።

«እስክሪብቶ አለህ?» አልኩት።

ልፈርም መስሎት ፈጠን ብሎ ሰጠኝ። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ማረም ጀመርኩ። «ተመዝግበዋል» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ «አልተመዘገቡም» ብዬ ጻፍኩ። የጠላቱን ነገር ከእነጭራሹ ሰረዝኩት። አንድ የፊደል ግድፈትም ነበር፤ ሳላርመው ማለፍ አልቻልኩም።

«እንዲህ ከሆነ አነበዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። «የእነሱንም ውሸት ውሸት ነው እላለሁ፤ የእኛንም።»

ወረቀቱን አገላብጦ አየው።

«ቆይ፣ አንቺ ከየትኛው ወገን ነሽ?»

«ከስምንተኛ ‹ለ›።»

ባለካሜራው ሳቁ አመለጠውና ወደ ግድግዳው ዞረ። መርማሪው አልሳቀም። ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው።

«እንግዲያው ተቀመጪ!»

ተቀመጥኩ። ሠላሳ አራት ቀን።

መጋዘኑ ስመለስ ለግራናዋ እናት ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ያን አንድ ቃል ብታነቢላቸው ትወጪ አልነበር?»

«አንቱስ ልጅዎ ያለበትን ቢነግሯቸው ይወጡ አልነበር?»

ሻሻቸውን አጠበቁና ከግድግዳው ጥግ ካለው ቦታቸው ተነሡ።

«ነይ፣ እዚህ ሁኚ፤ ጀርባሽ ይረፍ።»

አንድ ቀን ጠዋት ያለ ክስ ለቀቁኝ። ትምህርት ቤቱ ወደ ቤተ መጻሕፍት አዛወረኝ። በዓመቱ ወረቀት የሌላቸውም እንዲፈተኑ ተፈቀደ። በእኛ ጥረት ነው ብለው ሁለቱም መንግሥታት በየሬዲዮአቸው አወሩ። ከሰባቱ የተፈተኑት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራቱ ከእናቶቻቸው ጋር ሄደዋል፣ የት እንደሆነ አላውቅም። የሄዱት ወረቀት ሲጠብቁ አንድ ዓመት ከባከነባቸው በኋላ ነው። ይህን ሬዲዮ አይናገረውም።

የፈተናው ቀን አጥር ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ከሦስቱ አንዷ ፊቷን አኮሳትራ ወጣች።

«ቲቸር፣ ሒሳቡ ሲያስጠላ! ፈተና እንዲህ ተደርጎ ይወጣል?»

እንደማንኛዋም ልጅ ስታማርር ሰማኋት። የታሰርኩት ለዚህ ነው፤ አልቆጨኝም።

ሁለቱ አገሮች ዛሬም በልጆች መብት ይካሰሳሉ። ያቺ ልጅ አሁን አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ሒሳብ አሁንም አይሆንላትም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አስጠናታለሁ። ስለ እስሩ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እኔም አልነገርኳትም። ስትሳሳት ግን አላልፋትም።